ከነጠላ ስር ያለው ፀጉር

ከርዳዳ ፀጉር ያላት ልጅ ገና በሦስትና በአራት ዓመቷ "ፀጉሯ አስቸጋሪ ነው" ሲባል ትሰማለች። ማበጠሪያ ሲነሳ ታለቅሳለች፤ ሉጫ ፀጉር ያላት የጎረቤት ልጅ ደግሞ "ታድላ" ትባላለች። አድጋ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ "የራሳችሁ ጠጉር ሁሉ እንኳ ተቈጥሮአል" (ማቴ. 10፥30) የሚለው ቃል ይነበብላታል። ጌታ የቆጠረው ያንን "አስቸጋሪ" የተባለውን ፀጉር ጭምር መሆኑን የሚነግራት ግን እምብዛም ነው። በአንድ ሰው ራስ ላይ ወደ 100,000 ገደማ ፀጉር አለ። ከርዳዳውም በዚያው ቆጠራ ውስጥ ገብቷል፤ ሲፈጠር የተበላሸ ሉጫ አይደለም። አስቸጋሪ የሚሆነው የማይስማማውን አያያዝ ስንይዘው ነው። እዚህ የምጽፈው ስለ አያያዙ ነው፤ በተለይ ነጠላ ለምትለብስ፣ ለምትጾም፣ ጠበል ለምትጠመቅና በዓል ለምታከብር እህት።

መጀመሪያ ፀጉሩን እንወቀው። የሉጫ ፀጉር ዘንግ ለሁለት ቢቆረጥ ክብ ነው፤ የከርዳዳው ጠፍጠፍ ያለ ሞላላ ነው፣ ስለዚህም እየተጠማዘዘ ያድጋል። ከራስ ቆዳ የሚወጣው ወዝ ሉጫው ላይ እስከ ጫፍ ይወርዳል፤ ከርዳዳው ላይ እያንዳንዱ ጥምዝ ያግደዋል። ሥሩ ወዝ እያለው ጫፉ ጭድ የሚመስለው ለዚህ ነው። ጥምዙ ራሱም ደካማ ቦታ ነው፤ ማበጠሪያ ሲጎትተው እዚያ ላይ ይበጠሳል። "ፀጉሬ አያድግም" የምትል እህት ፀጉሯ በወር ወደ 1 ሴንቲ ሜትር እያደገላት ነው፤ ችግሩ ከሥር ባደገ ቁጥር ከጫፍ ይሰበራል። ለማወቅ ቀላል ነው። ማበጠሪያ ላይ የቀረውን ፀጉር አንሥተሽ ሁለቱንም ጫፉን እዪ። አንደኛው ጫፍ ላይ ነጭ ፍሬ የመሰለች ነገር ካለች ከሥሩ የረገፈ ነው፤ በቀን ከ50 እስከ 100 ቢረግፍ ጤና ነው። ፍሬ የሌለው፣ አጭር፣ የተቆረጠ ከሆነ ግን ተሰብሯል፤ እሱን የምናድነው በአያያዝ ነው።

አንድ ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል። ሐዋርያው ጴጥሮስ "ጠጉርን በመሸረብ" ስለሚሆን ውጫዊ ሽልማት ሲያስጠነቅቅ (1ጴጥ. 3፥3) ቃሉ ከእኛው "ሹሩባ" ጋር አንድ ሥር ስላለው፣ ፀጉሯን መንከባከብ ኃጢአት የሚመስላት እህት አለች። ጥቅሱ ግን ወርቅንም ልብስንም አብሮ ይጠራል። ልብስ መልበስን እንዳልከለከለ ሁሉ ሹሩባንም አልከለከለም። የሚናገረው የሴት ክብር ምን ላይ ይቁም ስለሚለው ነው፤ ተከታዩ ቁጥር ስለ ተሰወረ የልብ ሰው ይናገራል። ቅዱስ ጳውሎስም ሰውነታችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው ይላል (1ቆሮ. 6፥19)። ቤተ መቅደስ ይጠረጋል፤ አቧራና ፎረፎር ይዞ መኖር ትሕትና ሆኖ አያውቅም። ሦስት ሺህ ብር ለዊግ አውጥታ የራሷን ፀጉር ከስር አድርቃ ለምትቀብር እህትም ይኸው ቃል የሚላት ነገር ያለ ይመስለኛል።

የእጥበቱ ቀን

በሳምንት ወይም በ10 ቀን አንዴ መታጠብ ይበቃል። የሚመቸው ቀን ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ከቀትር በፊት ነው፤ እሑድ ሥጋ ወደሙ የምትቀበል ከሆነ ከቁርባን በኋላ ገላ መታጠብ ስለማይለመድ ነገሩ ቀድሞ ማለቅ አለበት። ቅዳሜ ማታ የታጠበ ወፍራም ፀጉር ደግሞ እስከ ኪዳን ሰዓት አይደርቅም፤ በእርጥቡ ነጠላ ከተለበሰበት ለሽታ ይዳርጋል።

ፀጉሩን በአራት ክፈይ። ገና ደረቅ ሳለ ከጫፉ ጀምሮ እስከ ግማሹ 2 የሾርባ ማንኪያ የኮኮናት ዘይት ቀብተሽ 30 ደቂቃ ቆዪ። የኮኮናት ዘይት ወደ ዘንጉ ውስጥ የመግባት ጠባይ ስላለው ውሃ ሲነካው ፀጉሩ ከልክ በላይ እንዳያብጥ ይረዳል። ከዚያ ሻምፑውን በቀጥታ ራስሽ ላይ አታፍስሺ፤ 2 የሾርባ ማንኪያ ሻምፑ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጠሽ በክፍሎቹ መሐል ቆዳው ላይ አፍስሺና በጣትሽ ሥጋ እሺው፣ በጥፍር አይደለም። ጫፉን ለብቻው ማሸት አያስፈልግም፤ ከላይ የሚወርደው አረፋ ይበቃዋል። የልብስ ወይም የገላ ሳሙና እዚህ ቦታ የለውም። ለፀጉር የሚስማማው ከ4.5 እስከ 5.5 ያለ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ነው፤ ሳሙና ከ9 በላይ ነው። የፀጉሩን ቅርፊት ያስነሣዋል፣ የተነሡ ቅርፊቶች እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ከጉድጓድ ውሃ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ነጭ ዝቃጭ ትቶ ይሄዳል። "ታጥቤ ባሰብኝ" የሚባለው ይህ ነው።

ኮንዲሽነሩ ላይ አትቸኩዪ። ትከሻ ለሚደርስ ወፍራም ፀጉር 4 የሾርባ ማንኪያ ያህል ያስፈልጋል። ፀጉሩ በኮንዲሽነር ተሞልቶ፣ ውሃ እየተንጠባጠበ ሳለ መጀመሪያ በጣት፣ ቀጥሎ ጥርሱ በሰፋ ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምረሽ ወደ ሥር ውጪ። የመጨረሻዋን 3 ሴንቲ ሜትር ሳትፈቺ ወደ ላይ አትሂጂ። ከሥር ጀምሮ ወደ ታች መግፋት ቋጠሮዎቹን ሁሉ አንድ ላይ ሰብስቦ ጫፉ ላይ ያስራቸዋል፤ ከዚያ በኋላ መቀስ እንጂ ማበጠሪያ አይፈታቸውም። ደረቅ ፀጉር ላይ ሚዶ መስደድ የልጆችን ፀጉር ከሁሉ በላይ የሚጨርሰው ነገር ነው።

ካለቀለቅሽ በኋላ በአሮጌ የጥጥ ካናቴራ ጨመቅ ጨመቅ አድርጊ፤ ፎጣ ይቦጫጭረዋል። ፀጉሩ እርጥብ እንዳለ የማይታጠብ ክሬም፣ በላዩ ትንሽ ዘይት፣ ከዚያ ከስምንት እስከ አሥር ላላ ያሉ ጉንጉኖች። ውሃው ከስር፣ ቅባቱ ከላይ መሆኑን አትርሺ።

ቅቤ

ቅቤ ከእናቶቻችን የወረስነው ዕውቀት ነው። ለጋ ቅቤ ከመቶ 80 ያህሉ ስብ ነው፤ ቀሪው ውሃና የወተት ቅሪት ነው። ስቡ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ስለሚቀልጥ አናት ላይ ሲደረግ በሰውነት ሙቀት ብቻ እየቀለጠ ይወርዳል። ሥራው ፀጉሩ ውስጥ ያለውን እርጥበት መክደን ነው፤ እርጥበት ግን አይጨምርም። ደረቅ ፀጉር ላይ ብታደርጊው ድርቀቱን ይከድነዋል፤ አቧራ የያዘ ፀጉር ላይ ብታደርጊው አቧራውን ያጣብቀዋል። ብዙዎቻችን ቅቤ የምንቀባው ፀጉራችን ከቆሸሸና ከደረቀ በኋላ፣ ከመታጠባችን በፊት "ይጠጣው" ብለን ነው። መጀመሪያ ውሃ በስፕሬይ አርጥቢው፣ ከዚያ ቅቤው ይከተል፤ ልዩነቱን በዚያው ቀን ታዪዋለሽ።

መጠኑም ይታሰብበት። ትከሻ ለሚደርስ ፀጉር 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ወደ 15 ግራም፣ ይበቃል። የጡጫ ያህል አናት ላይ ማስቀመጥ ለበዓል የሚያምር ወግ ነው፤ ለፀጉሩ ግን የሚጠቅመው ከመካከሉ ትንሿ ነው፣ ሌላው አንገትና ልብስ ላይ ይቀራል። ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት አቆይተሽ እጠቢው። ሲቆይ የወተት ቅሪቱ ይበላሻል፤ የሚሸተው እሱ ነው። ሲታጠብ ቀዝቃዛ ውሃ ስቡን መልሶ ያረጋዋል፤ ለብ ያለ ውሃ ያስፈልጋል። አንድ ዘዴ ልጨምር፦ ከሻምፑው በፊት ኮንዲሽነር ቀብተሽ 5 ደቂቃ ብታሺው ቅቤውን ይዞት ይወጣል፣ ሻምፑ ሦስቴ ከመደጋገም ያድንሻል።

የወጥ ቅቤ ለራስ አይሆንም። ኮረሪማና አብሽ ገብቶበት የነጠረ ስለሆነ ቆዳ ያቃጥላል። በውጭ አገር ያላችሁ እህቶች ደግሞ ከሱፐርማርኬት ስትገዙ ጨው የሌለበት መሆኑን አንብቡ።

ፎረፎር ካለ ቅቤም ዘይትም አቁሚ። ፎረፎር ላይ የሚገኘው ማላሴዚያ የሚባል ፈንገስ የሚመገበው ስብ ነው፤ "ደርቆ ነው የሚረግፈው" ብለን ቅባት ስንጨምርበት እየመገብነው ነው። ፋርማሲ የሚሸጠውን ኬቶኮናዞል ያለበት ሻምፑ ቆዳው ላይ 5 ደቂቃ አቆይቶ መታጠብ ይሻላል። ክብ ሆኖ የተላጠ፣ ፀጉሩ ከሥሩ የተቆረጠበት ቦታ በልጅ ራስ ላይ ካየሽ ግን ጭርት ሊሆን ስለሚችል በቅባት አይድንም፤ የሚዋጥ መድኃኒት ስለሚያስፈልገው ሐኪም ጋ ይሂድ።

በጾም

ጾሙ ሲገባ ቅቤን ከገበታ ብቻ ሳይሆን ከአናታቸውም የሚያነሡ ብዙ ናቸው፤ ጠረኑ ራሱ ከጾሙ ስሜት ያወጣቸዋል። ይህ መልካም ነው፣ የሚጎዳው ፀጉሩን ለ55 ቀን ጭራሽ መርሳት ነው። ጌታ በተራራው ስብከት ስትጦም ራስህን ቅባ ፊትህንም ታጠብ ብሏል (ማቴ. 6፥17)፤ መጠውለግ የጾም ምልክት እንዲሆን አልፈለገም። ቅባቱም ከምድር ፍሬ ሊሆን ይችላል።

ተልባ ለዚህ የተሰጠ ነው። 4 የሾርባ ማንኪያ ያልተፈጨ ተልባ በ2 ብርጭቆ ውሃ ጥደሽ ሳታቋርጪ አማስዪ። ከ7 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውሃው ነጣ ብሎ ማንኪያው ሲነሣ እንደ እንቁላል ነጭ እየተለጠጠ ይወርዳል፤ ያኔ አውጪው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። "ይቀዝቅዝ" ብለሽ ከተውሽው ተልባውና ዝልግልጉ ተያይዘው አንድ ይሆናሉ፣ ምንም ወንፊት አይለያቸውም። ትኩስ እንዳለ በንጹሕ የእግር ስቶኪንግ አጥልይው፣ እጅሽ እንዳይቃጠል በማንኪያ እየጨመቅሽ። ከልክ በላይ ከፈላ ይወፍርና አይወርድም፤ ያኔ ግማሽ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ጨምረሽ መልሺው። ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል፤ መከላከያ ስለሌለው ከዚያ በኋላ ሽታው ሲለወጥ ድፊው። እርጥብ ፀጉር ላይ በክሬሙ ላይ ትቀቢዋለሽ፣ ጥምዙን ይዞ ያደርቀዋል። ደርቆ እንደ ነጭ ቅርፊት ከረገፈ ብዙ ቀብተሻል ወይም ከክሬምሽ ጋር አልተስማማም፤ መጀመሪያ መዳፍሽ ላይ ሁለቱን ቀላቅለሽ ሞክሪ።

የጉሎ ዘይት ፀጉር ያበቅላል የሚባለውን ያህል ማረጋገጫ የለውም። መክደኛነቱ ግን እውነት ነው፤ በጣም ወፍራም ስለሆነ አንድ እጁን ከሦስት እጅ ሰሊጥ ወይም ኮኮናት ዘይት ጋር አቅጥኚው። እሬት የምትጠቀሚ ደግሞ ቅጠሉን ቆርጠሽ 15 ደቂቃ አቁመሽ ቢጫው ፈሳሽ ይንጠባጠብ፤ ቆዳ የሚያሳክከው እሱ ነው።

ከቅባቱ ይልቅ በጾም የሚያስፈራኝ ገበታው ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾማ በሻይና በዳቦ የምትፈታ ሴት ፀጉሯ በጾሙ ወራት አይረግፍም። ሰውነት ሲጎዳ የፀጉር ሥሮች ማረፊያ ላይ ይገቡና የሚረግፉት ከሁለት እስከ ሦስት ወር ቆይተው ነው። ስለዚህ የሁዳዴው ጉዳት በግንቦትና በሰኔ ይታያል፤ ያኔ ሻምፑው ይወቀሳል። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ጎመን ከገበታ አይጥፉ። ከእህል የሚገኘው ብረት በቡናና በሻይ ይታገዳል፤ ቡናው ምግቡ ካለቀ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይፈላ። ሎሚ ወይም ቲማቲም ደግሞ ብረቱ እንዲገባ ይረዳል። ምስሩ ላይ ሎሚ መጭመቅ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ይሠራል።

አራስ እናት ላይም ይኸው ነው። ከወለደች ከሁለት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ፀጉሯ በእፍኝ ይረግፋል። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80ኛው ቀን ስለሆነ መርገፉ ብዙ ጊዜ ከክርስትናው ድግስ ጋር ይገጥማል፤ "የሰው ዓይን በላኝ" የሚባለውም ያኔ ነው። ዓይን አይደለም። በእርግዝና ሳይረግፍ የቆየው ፀጉር አሁን ተራው ደርሶ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ውስጥ ይመለሳል። ጸልዪ፣ ብዪ፣ ጠበቅ አድርገሽ አትሰሪው።

ነጠላና ጠበል

ነጠላ ጥጥ ነው፤ ጥጥ ውሃና ቅባት ይጠጣል። ሦስትና አራት ሰዓት በቆመ ቅዳሴ ግንባርና ማጅራት ላይ ያለው ስስ ፀጉር ከፈትሉ ጋር እየተፋተገ ይሰበራል። ነጠላውን ማውለቅ አይደለም መፍትሔው፤ ከስሩ የሳቲን ሻሽ ማድረግ ነው። ሻሹ ከግንባር ፀጉር መስመር ግማሽ ጣት ያህል ወደ ፊት ወርዶ ግንባር ቆዳ ላይ ይረፍ፣ ቋጠሮው ማጅራት ላይ ላላ ይበል። ፀጉር መስመሩ ላይ ጠብቆ የታሰረ ሻሽ ከነጠላው የባሰ ይጎዳል። ጥሩ ጎኑ፣ ነጠላው ቅባት አይነካውም፣ ሁልጊዜ ነጭ ይሆናል።

ለሰባት ቀን ጠበል የምትገባ እህት ፀጉሯ በየማለዳው ሙሉ በሙሉ እየረጠበ ይደርቃል፤ ፀጉር በተደጋጋሚ ሲያብጥና ሲኮማተር ይዝላል። ዘይት መቀባት ይፈቀድ አይፈቀድ የቦታውን አባቶች ጠይቂ። ከስድስት እስከ ስምንት ላላ ያለ ተራ ጉንጉን ሠርተሽ ግቢ፤ ቀጭን ሹሩባ ውስጡ ሳይደርቅ ይውላል። ከወጣሽ በኋላ በካናቴራ ጨምቂው፣ ፀሐይ ላይ ተቀመጪ፣ ጉንጉኑን በጣትሽ ስትጨብጪው ቅዝቃዜ እስካልተሰማሽ ድረስ አትከናነቢ። በተጨናነቀ ማረፊያ ማበጠሪያና ፎጣ አትዋዋሱ፤ ጭርትና ቅማል በዚያም ይዛመታሉ።

ሹሩባው

ለነሐሴ ፍልሰታ መፍቻ ሰሜን ላይ ልጃገረዶች ለሻደይ፣ ለአሸንድዬ፣ ለሶለልና ለአሸንዳ ሲሠሩ፣ ሌላውም ለፋሲካና ለመስቀል ሲሠራ ሹሩባው "ይቆይልኝ" እየተባለ ይጠብቃል። ቅንድብ ሽቅብ የሚስብ ሹሩባ ለውበት ተቆጥሮ ይመሰገናል። ግንባርና ጆሮ ጥግ ያለው ፀጉር ግን ቀጭኑ ነው። መጀመሪያ ቆዳው ያማል፣ ቀጥሎ ሥሩ ላይ ትናንሽ ብጉሮች ይወጣሉ፣ ከዚያ መስመሩ ወደ ኋላ ይሸሻል። ይህ መጀመሪያ ላይ ሲተው ይመለሳል፤ ዓመታት ከተደጋገመ ሥሩ ጠባሳ ይሆንና አይበቅልም። ስለዚህ ሠሪዋን በአክብሮት "እትዬ፣ ግንባሩን ላላ አድርጊልኝ" ማለት አያሳፍርም። ተሠርተሽ ስትጨርሺ ቅንድብሽን ከፍ ዝቅ አድርጊ፤ ከሳበሽ የፊተኛዎቹ ሁለት ረድፎች ይፈቱና ይሠሩ። ለልጅ ደግሞ አርቴፊሻል ፀጉር አይቀጠልባት፣ ክብደቱ ብቻ ይጎዳታል።

ሦስት ሳምንት ይበቃል፣ ቢበዛ አራት። ሲፈታ የሚወጣው የፀጉር ኳስ አያስደንግጥሽ፤ በአራት ሳምንት የረገፈው፣ ከ1,400 እስከ 2,800 የሚደርስ ፀጉር፣ ጉንጉኑ ውስጥ ተይዞ የቆየ ነው። በጣትሽ ሳትፈቺ አትጠቢው፤ የረገፈው ካልወጣ ውሃ ሲነካው ይቋጠራል። ከዚያ አንድ ሁለት ሳምንት ራስሽን አሳርፊ።

የሕማማቱ ሳምንት የተለየ ዝግጅት ይፈልጋል። ፀጉርሽን ከሆሣዕና በፊት ታጠቢ። ዓርብ ስቅለት ከጠዋት እስከ ማታ ስትሰግጂ ግንባር መሬት ስለሚነካ አናትና ግንባር ላይ ምንም ዓይነት የፀጉር መያዣ አይኑር፤ ሹሩባ ካልተሠራሽ ሁለት ላላ ጉንጉን ማጅራት ላይ ዝቅ ብሎ ይታሰር። ላቡ ጨው ስለሆነ ማታ ግንባርሽን ዙሪያውን በእርጥብ ጨርቅ አብሺው፣ ሙሉ መታጠቡ ይቆይ። ሹሩባ ለመሠራት ቅዳሜን አትምረጪ፤ ሁለት ቀን ያከፈለች ሴት ሦስት ሰዓት አንገቷን ደፍታ መቀመጥ ይከብዳታል፣ ሠሪዋም ትቸኩላለች፣ የቸኮለ እጅ ያጠብቃል። ረቡዕ ይሻላል። ቅዳሜ ሹር ጠዋት ቄጤማው ሲታደል ከሳቲኑ ሻሽ በላይ እሰሪው፤ የቄጤማ ጠርዝ ይፈገፍጋል፣ ግንባር ላይ ያለውን አዲስ ቡቃያ እንዳይነካው።